መብቱ በአውራ ጣት የተጠበቀ

እኔ ደራሲ ነኝ። ይህን የምለው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፤ ባለቤቴ ዘነበች ጓዳ አለች፤ ከሰማች ትስቃለች። እንጀራዬን የማገኘው ሰበታ ካለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ንብረት ክፍል ነው። መጽሐፍ ግን ጽፌአለሁ፤ አሳትሜአለሁም። አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ርዕሱን አልነግራችሁም። ክፋት አይምሰላችሁ። ከነገርኳችሁ ይህን ወሬ ሳትጨርሱ ስልካችሁን አውጥታችሁ ትፈልጉታላችሁ፤ ታገኙታላችሁም፤ ችግሬም እሱ ነው።

መጽሐፉ የታተመው በዘነበች ፍሪጅ ነው። ማተሚያ ቤቱ ፍሪጅ ይቀበላል ማለቴ አይደለም፤ ሸጠነው ነው። ዘነበች እርጎ ትሸጣለች። ከፋብሪካ ፈረቃ የሚወጣው ሠራተኛ በኛ በር ሲያልፍ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ እርጎ ጭልጥ አድርጎ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው። የደራሲነት ዛር ሲነሳብኝ «መጽሐፉ ሲሸጥ ፍሪጅሽ ይመለሳል» አልኳት። አመነችኝ። በዚህች ሴት ብዙ ነገር አደንቃለሁ፤ እስካሁን የማይገባኝ ግን ይህ እምነቷ ነው። ፍሪጁ ወጣ፤ መጽሐፉ በካርቶን ታጭቆ ገባና ፍሪጁ የነበረበት ጥግ ላይ ቆመ። ቁመታቸውም እኩል ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን እንግዳ ሲመጣና «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ደረቴን ነፍቼ አስረዳ ነበር። ቆይቶ ዘነበች ካርቶኖቹን ጨርቅ አለበሰቻቸው፤ ቴሌቪዥኑንም ከላይ ጫነችባቸው። እርጎው ያለ ፍሪጅ ገና እኩለ ቀን ሳይሞላ ይኮመጥጣል። ደንበኛውም አንድ በአንድ ሸሸ። ዘነበች አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ጠዋት ጠዋት ቴሌቪዥኑን ስትወለውል ካርቶኖቹን በእጇ ጀርባ መታ መታ ታደርጋለች፤ ወቀሳዋ እሷው ናት እንግዲህ፤ እኔ ደግሞ ያቺን መታ መታ ስሰማ ቁርሴ አይወርድልኝም።

መጻሕፍት መደብሮች መጽሐፌን ወስደው መደርደሪያ ላይ አቆዩትና አቧራ ጨምረው መለሱልኝ። ይሁን፤ የደራሲ ዕጣ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ የማይገባኝ ነገር ይታይ ጀመር። መጽሐፌን ያልገዛ ሰው ሁሉ መጽሐፌን ያውቀዋል! የፋብሪካው ጥበቃ አንድ ጠዋት ሲፈትሸኝ «ስማኝማ፣ ያቺ ልጅ ምን ብላ መለሰችለት?» አለኝ።

ስለ የትኛዋ ልጅ እንደጠየቀኝ ወዲያው ገባኝ። ከታሪኮቹ በአንዱ ውስጥ አንድ ወጣት ታክሲ ሰልፍ ላይ ዘወትር የሚያያትን ልጅ ተንደርድሮ ሄዶ «ታገቢኛለሽ?» ይላታል። እሷም ትመልስለታለች። መልሷ የታሪኩ መጨረሻ ነው። እኔም በዚያ አንድ መስመር እኮራለሁ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ፍቄ ጽፌዋለሁ። «መልሷማ እኮ ተጽፏል» አልኩት። «የለም፣ አልተጻፈም» ብሎ ድርቅ አለ። ደራሲውን ይከራከራል!

ምስጢሩ የተገለጠልኝ ከዓለም ገና ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያነባል። ሰው የሚያነበውን በጎን ማየት ነውር ነው፤ እኔ ደግሞ ነውረኛ ነኝ። ሳይ የኔው ዓረፍተ ነገር ነው። ጎረምሳው ሳቀ። የሳቀው እኔ እያለቀስኩ የጻፍኩት ቦታ ላይ ነው፤ ግን ሳቀ! ገጹን ሲገልጥ አብሬው ገለጥኩ። አንገቴ ረዝሞ ትከሻው ላይ ደረሰ መሰለኝ ዞር ብሎ አየኝ።

«ወደድከው አይደል ብሮ?» አለኝ። «አሪፍ ነገር ነው። ልላክልህ?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እዚያው መጮህ ነበረብኝ፤ «እኔ ነኝ ደራሲው! የሚስቴ ፍሪጅ ነው የምታነበው!» ማለት ነበረብኝ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ደስ ይለኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ቁጥሬን ነገርኩት። መንገዱ ሳይጋመስ የገዛ መጽሐፌ የተሰረቀ ቅጂ ባለቤት ሆንኩ።

ሰበታ እስክንደርስ ደግሞ ማን እንደላከለት ጠየቅኩት። «አክስቴ ናት። ቡራዩ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ዘይነባ ብለህ ብትጠይቅ ማንም ያሳይሃል። እኔ ደግሞ ቻናል ላይ ለቀቅኩት፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው» አለኝ፤ ፊቱ የበጎ አድራጊ ፊት ነው።

ቤት ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩ። አንድ ሰው መጽሐፌን ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶታል። ገጹ እንዳይገለበጥ በአውራ ጣቱ ይዞታል፤ አውራ ጣቱም በየገጹ አለ። ምን ዓይነት አውራ ጣት መሰላችሁ! ሰፊ፣ ጥቁር፣ ጥፍሩ ከመሀሉ ለሁለት የተሰነጠቀ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ላይ መሀል ገብቶ ቃል ይውጣል። ወደ ታክሲ ሰልፉ ታሪክ ሄድኩ። «ታገቢኛለሽ?» ይላል ልጁ። ከሥሩ፣ አንድ ክረምት የደከምኩባት መልስ ያለችበት ቦታ ላይ፣ ያ አውራ ጣት ተጋድሟል።

የምትቀጥለውን ስነግራችሁ አትስቁ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው በትሕትና አስቀመጠኝ።

«ምን ተሰረቀብህ?»

«መጽሐፍ።»

«ስንት?»

«አንድም አልጎደለም። ሁሉም ቤቴ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ።

አስረዳሁት። ሰውዬው ደግሞ አስተዋይ ነው፤ ቶሎ ገባው። «ሕጉስ ካንተ ጋር ነው። ለራሱ ቢያነሳ አንድ ነገር ነው፤ ማሰራጨት ግን የአንተ መብት ነበር። ክስ መመሥረት ትችላለህ። በማን ላይ ነው የምትመሠርተው?»

«በዚህ ጣት ላይ።»

ጣቱን ስልኬ ላይ አገላብጦ አየና «ባለቤቱን አግኝ። እስከዚያው ማስረጃውን ላክልኝ፣ ፋይል ላድርገው» አለኝ። ላክሁለት። በሌላ ቀን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ክሱ አልነበረም። «ልጅቷ ግን እሺ አለችው?» ነው ያለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰበታ ውስጥ የሰው ፊት ማየት ተውኩ፤ አውራ ጣት ብቻ ነው የማየው። ሰላምታ ስሰጥ እጅ ጨብጬ አልለቅም። የታክሲ ረዳት ሒሳብ ሲቀበለኝ ጣቱን ይዤ ወደ ብርሃን አዞረዋለሁ። አንዲት ባለ አትክልት ሴትዮ ቲማቲም ስትመዝንልኝ እጇን ትኩር ብዬ ሳይ «ምን ታያለህ? ባል አለኝ!» ብላ ሚዛኑን ገለበጠችብኝ። ከዕድራችን ዳኛ ከኦቦ ለሚ በስተቀር ያልጨበጥኩት ሰው አልቀረም። ኦቦ ለሚ ወንዙ ዳር ከጎመንና ከላም ጋር የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ሁልጊዜ ጭቃ ስለሆነ ለሰላምታ የሚዘረጉት የእጃቸውን አንጓ ነው። እሳቸውን መጠርጠር ደግሞ ታቦት መጠርጠር ነው። ዘነበችን የዳሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ አባቷ እምቢ ሲሉ «መልሱን ሳልይዝ ከዚህ በርጩማ አልነሳም» ብለው የተቀመጡት ሽማግሌ።

ቅዳሜ ቡራዩ ሄድኩ። ዘይነባ የሚሏት ሴት ሱቅ ውስጥ ገና ስገባ በሩ ላይ ቆምኩ። ጣቃው መሀል ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ዘይነባ መነጽር የለ፣ ምን የለ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ እያነበበች ነው። የኔን ታሪክ! ሲያስቅ ይስቃሉ፤ ሲከፋ «ኧረ ወየው» ይላሉ። አንዷ ልብስ ልታስለካ የመጣች ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ ረስታዋለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሊቀ ሊቃውንት ተሰብስበው ቢያወድሱኝ እንደዚያ ቀን ደስ አይለኝም ነበር። ልጅቷ መልስ የምትሰጥበት ቦታ ሲደርሱ ሱቁ በሁለት ተከፈለ። «እሺ ብላዋለች!» «በጭራሽ! ታክሲ ሰልፍ ላይ ማን እሺ ይላል?»

አላስቻለኝም። «ደራሲው እኔ ነኝ» አልኩ።

ሱቁ ተናወጠ። ወንበር መጣልኝ፣ ሻይ መጣልኝ። «ታዲያ ምን አለችው?» አሉኝ ባንድ ድምፅ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚፈልገው ዕቃ እጄ ላይ ነበር። «መጽሐፉ ላይ አለ» ብዬ ሻዬን አነሳሁ። ዘይነባ አየችኝ። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ቆይ፣ ይሄ የሚሸጥ ነው እንዴ? እኔ በነጻ የተለቀቀ መስሎኝ ነው። ወላሂ አላወቅኩም! የሰው ሐቅ ነዋ የበላሁት! ወንድሜ፣ ዋጋውን ንገረኝና አሁኑኑ ልክፈልህ።»

ይህንን ልሰማ አይደል ከሰበታ የመጣሁት? «ኧረ በፍጹም!» አልኩ። ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብን፤ ታውቁታላችሁ አይደል? ደንቡ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ለወጉ እምቢ ትላለህ፤ ሁለተኛ ለክብርህ፤ ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካስገደድሽኝ» ብለህ ትቀበላለህ። ዘይነባ «ተቀበለኝ እንጂ» አለች። «በእናትሽ ተይው!» አልኩና ሦስተኛውን ጠበቅሁ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እንዲህ ያለ ቸር ሰው አይቼ አላውቅም። አውፍ ካልከኝ አላህ ይስጥልኝ» አለች። አለቀ። ሴቶቹ መረቁኝ። በባዶ ኪሴ አሜን አልኩ።

ብቻ ፋይሉን ማን እንደላከላት ነገረችኝ፤ ሱሉልታ ድርቆሽ የሚሸጡ ደንበኛዋ ናቸው፣ ኦቦ ቶላ የሚባሉ።

በአዲሱ ገበያ በኩል ሱሉልታ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይፈልጋል፤ ሯጮች በጎኔ እየቆረጡኝ ያልፋሉ። አሁንስ አልሸማቀቅም፣ ኮስተር ብዬ ሐቄን እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። ኦቦ ቶላን ከድርቆሽ ክምራቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ስልክ ይዘዋል። ጣታቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ ቀጭን፣ ጥፍሩም ሙሉ። እሳቸው አይደሉም።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ? ደህና ነህ፣ ልጄ? ና ተቀመጥ። እስቲ ይህቺን ላንብብልህ» አሉኝ፤ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ። በሁለት ጣታቸው ስክሪኑን ዘረጋ ዘረጋ አደረጉት፤ ፊደሉ አድጎ አድጎ አንድ ቃል ብቻ ስክሪኑን ሞላው። ያቺን ቃል አነበቡ። ገፋ አደረጉ፤ ቀጣዩን ቃል አነበቡ። እንዲህ እያሉ፣ ቃል በቃል፣ የኔን መጽሐፍ እየጨረሱት ነው። «ዓይኔ ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ ተውኩ። መጽሐፍ አይዘረጋማ! ይሄ ግን ይዘረጋል። ከብዙ ዘመን በኋላ ዳግም አነበብኩ» አሉኝ። የያዝኩት ኮስታራ ፊት የት እንደገባ አላውቅም። እኔ እንኳ መጽሐፌን ስጽፍ እንደዚያ አልተጠነቀቅኩለትም።

«ማን ላከልዎ፣ ኦቦ?» አልኩ በለሆሳስ።

«የልጅነት ጓደኛዬ ነዋ። የእሱም ዓይን እንደኔው ነው። ሰበታ ነው ያለው። የዕድር ዳኛ ነው፤ ለሚ ይባላል።»

ወተት አቅርበውልኝ ነበር፤ ትን አለኝ።

እስቲ በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። በአገራችን ሰው ሲበድልህ ፊት ለፊት አትናገረውም፤ ሽማግሌ ትልክበታለህ። በኛ ሰፈር ሽማግሌ ሲያስፈልግ የሚላኩት ኦቦ ለሚ ናቸው። ኦቦ ለሚ ሲበድሉህ ማንን ትልካለህ? ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ፤ ኦቦ ለሚ ዘንድ ሄጄ በኦቦ ለሚ ላይ ሽማግሌ እንዲሆኑኝ መለመን።

ከጎመናቸው መሀል ቀና ብለው በጭቃ እጃቸው አንጓ ሰላም አሉኝ።

«ከዘነበች ጋ ተጣላችሁ?»

«አይደለም፣ ኦቦ። አንድ ሰው መጽሐፌን በስልክ በተነብኝ።»

«ማነው እሱ ባለጌ?» ዶማቸውን ተከሉ።

አንድ የጎመን ቅጠል ቀጠፍኩ።

«ንገረኝ እንጂ! የማንም ልጅ ይሁን ዕድር ፊት አቆመዋለሁ። የሰው ላብ እንዲህ ይደረጋል?»

«ታላቅ ሰው ናቸው።»

«ታላቅነቱ ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም! ማስረጃ አለህ?»

እሳቸው በጋሉ ቁጥር እኔ እየቀዘቀዝኩ ስልኬን ከፍቼ ዘረጋሁላቸው። በሁለት ጣታቸው ስክሪኑን ዘረጋ አደረጉት። ያ ጣት አደገ፤ ስንጥቁ አደገ። ኦቦ ለሚ ብዙ አዩት። ወደ በርሜሉ ሄደው እጃቸውን በደንብ ታጠቡ፤ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ፤ መጡና ቀኝ አውራ ጣታቸውን ከስልኬ ጎን አስቀመጡ። ማጭድ የሰነጠቀው ጥፍር። ሁለቱ ጣቶች ጎን ለጎን ተጋደሙ።

«የኔ ነው» አሉ።

«ላይሆን ይችላል እኮ፣ ኦቦ። የሰው ጣት ይመሳሰላል...» አልኩ። የተበደልኩት እኔ፣ ጠበቃቸውም እኔ።

«ዝም በል፤ ዳኛ ፊት ነህ» አሉኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔን ደግሞ ዶማው ላይ አስደግፈው ክርክር ጀመሩ። «እኔ እኮ ገዝቼዋለሁ።» እውነት ነው፤ መጀመሪያ የገዙኝ እሳቸው ናቸው፤ ዋጋም አልተከራከሩም። «የገዛኋትን ላም ወተት ለጎረቤት ብሰጥ ማን ይከሰኛል?»

«ወተቱን ቢሰጡ ማንም። እርስዎ ላሟን ነው የሰጡት።»

«ላሟማ ይህችው ቤቴ አለች! ተሰጥታ እቤት የምትቀር ላም ምን ዓይነት ዝርያ ናት?»

ያን ሰሞን የቅጂ መብት ሕጉን ፈልጌ አንብቤ ነበር። ስለዚህች ላም የሚል አንቀጽ አላገኘሁም። ተናድጄ ነበር፣ ግን በልቤ «አቤት!» አልኩ፤ እንዲህ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው እያለ እኔ ደራሲ መባሌ አሳፈረኝ።

«መጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ኦቦ። መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው ይላል» አልኩና ፋይሉን ወደዚያ መለስኩት። ሁለታችንም አጎንብሰን አየን። ጽሑፉ የለም። ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ተኝቶበታል።

ኦቦ ለሚ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለዓይኔ ብዬ ማንሳቴ ጥፋት ነው?»

«አይደለም።»

«ለቶላስ?»

«የእሳቸውም ዓይን... እሱም ይሁን።»

«ቶላ ለዘይነባ?»

«ዘይነባ በሌሊት መርፌ ክር ታስገባለች፣ ኦቦ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «ዱጋ፤ እውነት ነው። እንግዲህ አጥሩ እዚያ ጋ ነበረ። ከብቱን የነዳሁት እኔ አይደለሁም፤ በሩን ክፍት የተውኩት ግን እኔ ነኝ።» ተነሡ። «ቤትህን አሳየኝ።»

ቤት ስንገባ ዘነበች ደነገጠች፤ ያላትን እርጎ በብርጭቆ አቀረበች። ኦቦ ለሚ ቀመሱት። እርጎው ለብ ብሎ ኮምጥጧል። ፊታቸውን ሳይለውጡ ጨረሱት፤ ይህም አንድ ጀግንነት ነው። ከዚያ ጥጉን አዩ።

«ፍሪጁ የት ሄደ፣ ልጄ?»

እኔ ወለሉን አየሁ። ዘነበች ቴሌቪዥኑን አነሣች፤ ጨርቁን ገለጠች፤ «ካርቶኑ ውስጥ አለልዎ፣ አባባ» አለች።

ኦቦ ለሚ ካርቶኑን በእጃቸው ጀርባ መታ መታ አደረጉት፣ ልክ እንደ እሷ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

እሑድ የዕድር ስብሰባ ነበር። የመዋጮው ነገር ካለቀ በኋላ ኦቦ ለሚ ከዳኛ ወንበራቸው ተነሡና ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ፣ ተከሳሽ በሚቀመጥበት፣ ተቀመጡ።

«የሰው በሬ ገደል ገብቶ እግሩ ቢሰበር ምን እናደርጋለን?» አሉ ከአግዳሚው ላይ።

«እናርደዋለን» አለ ሕዝቡ።

«ሥጋውንስ?»

«እንካፈለዋለን። የወሰደ ሁሉ ድርሻውን ይከፍላል፤ ባለቤቱም ሌላ በሬ ይገዛል።»

«ሥጋውን ወስዶ ድርሻውን ሳይከፍል የቀረ ሰው አውቃችሁ ታውቃላችሁ?»

«ኧረ እግዜር ያውጣን!»

አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። ያን ጣት ያላወቀው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም በስልኩ ተሸክሞት ይዞራል። ጉርምርምታው ከፊት ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ። «የዚህን ልጅ ቆቲዮ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ በሬውን። ሥጋውን የበላነው ግን ሁላችን ነን። እስቲ ያልበላ እጁን ያውጣ!»

ማንም አላወጣም። የፋብሪካችን ጥበቃ እጁን ከፍ ሊያደርግ ሞከረና እኔን አይቶ ጆሮውን አከከ።

ከኋላ አንዱ ተነሣ። «ኦቦ፣ በሬው እኮ አልወደቀም። መጽሐፉ ካርቶን ውስጥ ሙሉውን አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«በሬውማ ቆሟል» አሉ ኦቦ ለሚ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የወደቀው ባለቤቱ ነው። እሱን እናንሣው። የመጨረሻው ድርሻ ተከፍሎ እስኪያልቅ እኔ ያን ወንበር አልነካም።»

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? አለቀስኩ። እዚያው ሰው ፊት። የሕግ መጽሐፍ ስገልጥ ከርሜ ያጣሁትን ፍርድ አንድ ሽማግሌ በራሳቸው ላይ ፈርደው ሰጡኝ። እንደዚያ ቀን የሰው ልጅ አክብሬ አላውቅም።

ከሰኞ ጀምሮ በራችን ላይ ሰልፍ ሆነ። ደግነቱ ሰልፈኛው ድርሻውን ለመክፈል ብቻ አልነበረም የመጣው፤ ከጣቱ ሥር ያለችውን መልስ ለማየትም ነው። ግን እዚህም ጣጣ አልቀረልኝም። አንዲት እናት መጽሐፉን ገዝተው ሄዱና ተቆጥተው መለሱት።

«ይሄ ዋናው አይደለም።»

«እንዴት? ዋናውማ ይሄ ነው!»

«ጣቱ የታለ? ዋናው ጣት አለበት። እኔን በኮፒ አታታልለኝ!»

እሳቸውን ሰምተው ሌሎችም መመለስ ጀመሩ። ዋናው ቅጂ ሐሰተኛ ተባለ፤ የተሰረቀው ዋና ሆነ። ዘነበች ናት መላውን ያመጣችው። ኦቦ ለሚን ጠርታ የማኅተም ቀለም አቀረበችላቸው። ሽማግሌው በየመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ፣ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ከሚለው መስመር ጎን፣ አውራ ጣታቸውን ማተም ያዙ። እኔ እገልጣለሁ፣ እሳቸው ያትማሉ፣ ዘነበች ትነፋለች። ጎን እንጂ ላዩ ላይ እንዳያርፍ ምላሳቸውን ነክሰው ነው የሚጠነቀቁት። ለቡራዩና ለሱሉልታ ድርሻ የሚሆነውን ካርቶን ደግሞ ራሳቸው በሚኒባስ ይዘው ሄዱ፤ ብለምን ብለምን አላሸክም አሉኝ። ዘይነባ ለሱቋ ሴቶች ሁሉ ገዛች፤ ለወንድሟም ልጅ ጨምራ፤ ቻናሉ ላይ የለቀቀውን እንዲያነሳ ጆሮውን ይዛ እንዳስነሳችውም ሰማሁ።

ካርቶኖቹ አለቁ። ፍሪጅም ገባ፤ ያው የድሮው አይደለም፣ ግን ያው ጥግ ላይ ቆመ። ኦቦ ለሚ ወደ ወንበራቸው በተመለሱበት ቀን ዘነበች ቀዝቃዛ እርጎ ቀዳችላቸው። ጠጡና አፋቸውን ጠረጉ። ግራና ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ ልጅቷ ምን አለችው?»

«እንዴ፣ ኦቦ! መጽሐፉ አለዎት አይደል? እርስዎ እኮ ነዎት ያነሱት!»

«ወረቀቱን ዓይኔ አያነበውም። ስልኩ ላይ ደግሞ ራሴ ተኝቼበታለሁ።»

እውነትም! ሦስት ከተማ ሲያውቀው እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር። መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ጣቴን ከገጹ አርቄ ያቺን ገጽ አነሳኋት፤ በገዛ እጄም ላክሁላቸው። በሁለት ጣታቸው ዘረጓት። አነበቡ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«አደራ፣ ኦቦ። ይህቺ ለእርስዎ ዓይን ብቻ ናት» አልኳቸው።

«ለዓይኔ ብቻ» አሉ፤ ያን አውራ ጣት ደረታቸው ላይ አድርገው።

ገና ከበራችን ሳይርቁ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ቶላ ናቸው፣ ከሱሉልታ። ሳቃቸው አላናግር ብሏቸዋል። «ኢልማ ኮ፣ እንዲህ ብላ ትመልሳለች ብዬ በፍጹም አልጠበቅኩም!» አሉኝ።